ለዶቅማ ሜዳ የቆሙት ሽማግሌዎች

ትላንት የዶቅማ ሜዳ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ትርንጎ ሕልም አየች። ሕልምማ ማን አያይም አትበሉኝ፤ የሷ በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ያውም በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አዳራሽ ውስጥ፣ ያውም አርባ ርዕሳነ መምህራን ተደርድረው በተቀመጡበት፣ ያውም ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቀችው የመማሪያ ክፍል ጉዳይ ሊነሳ ጥቂት ሲቀረው። እንቅልፍ መቼ ሰዓት አክብሮ ያውቃል።

ደግሞ አትፍረዱባት። ከዶቅማ ሜዳ የተነሳችው ዶሮ ሲጮኽ ነው። ሦስት ሰዓት በእግሯ ኳትና፣ የቀረውን መንገድ አይሱዙ ላይ ከማዳበሪያ ጆንያ ጋር ተጭና ነው የደረሰችው። አዳራሹ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው፤ የሰኔ ፀሐይ ደግሞ ዝናቡ ሳይቀድማት ቂሟን የምትወጣበት ሰዓት ነበር። መድረኩ ላይ ከላይ የመጡ አንድ አሠልጣኝ ስለ ትምህርት ማሻሻያው ገጽ በገጽ ያነባሉ። "አሁን ወደ ገጽ ስልሳ ሁለት እንለፍ" ሲሉ የሰማችውን ታስታውሳለች። ስልሳ ሦስትን ግን አላየችውም።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። መንግሥት ለትምህርት ቤቶች የማነቃቂያ ገንዘብ መድቧል፤ ገንዘቡን የሚያገኘው ግን ማሻሻያውን የተቀበለ ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ማሻሻያው ደግሞ ከሚመጣው መስከረም ጀምሮ ዳስ ሥር ማስተማር ክልክል ነው ይላል። ጥሩ ነው፣ ማን ይጠላል። የትርንጎ አንደኛ ክፍል ግን ዳስ ነው፤ ልጆቹ የሚቀመጡት ድንጋይ ላይ ነው፤ ያለው አንድ ሰሌዳ ነው። ለመስከረም ሰማንያ አራት አዲስ ልጆች መዝግባለች። ክፍል ካልተሠራላቸው ዶቅማ ሜዳ ላይ አንደኛ ክፍል የሚባል ነገር አይኖርም። ይህን እያሰበች ነው ዓይኗ የተከደነው።

በሕልሟ ራሷን ትምህርት ቤቷ በር ላይ አገኘችው። ዝናብ ይዘንባል፤ ዝናቡ ግን ከመሬት ተነስቶ ወደ ሰማይ ነው የሚዘንበው። መንገደኛው ሁሉ ጃንጥላውን ገልብጦ እግሩ ሥር እየጎተተ ይሄዳል። ማንንም አልገረመም፣ እሷንም አልገረማት። እንዲያውም ዘንድሮስ ዝናቡ ከታች ጀመረልን፣ ዳሱ አያፈስም ብላ ደስ አላት።

በሩ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፣ ከዘራ ይዘዋል፣ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ጠጋ ብላ ብታይ መሐለኛው አቶ ቢሻው ናቸው። አቶ ቢሻው የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በሁለት ሳምንት ተመለሺ እያሉ ያመላለሷት እሳቸው ናቸው። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ እሳቸውንም የሚያመላልስ ሌላ ደጃፍ ስላለ ነው። በቀኛቸው የጽሕፈት ቤቱ የፋይናንስ ሰውዬ፣ በግራቸው እኚያ ገጽ ስልሳ ሁለት ላይ የተወቻቸው አሠልጣኝ ቆመዋል። ከንጋት ጀምረው ነው የቆሙት አሏት።

ትርንጎ ደንግጣ ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ አለች። አቶ ቢሻው ከዘራቸውን ተከል አደረጉና ጎንበስ ብለው፦

"የመጣንበት ጉዳይ ሳይሆንልንማ አንቀመጥም። የእናንተን ትምህርት ቤት ለእኛ በጀት እንድትሰጡን ልንለምን ነው የቆምነው" አሏት።

የጋብቻ ሽማግሌ ሆነው መጡላችሁ። ትርንጎ ሙሽራው ታዲያ የት አለ ብትል፣ ከቅንጭቡ አጥር ጀርባ አንድ ወጣት አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። በጀት ነው። ስሙን ስትሰማ ኖራ መልኩን ገና ያን ቀን አየችው። ሰፊ ኮት ለብሷል፣ ግንባሩ ላይ ክብ ማኅተም ተመቶበታል፣ ቅጥነቱ ደግሞ አያድርስ ነው። ምነው እንዲህ ከሳ ብላ ብትጠይቅ፣ ከላይ ሲነሳ እንዲህ አልነበረም፣ ባደረበት ቤት ሁሉ ትንሽ ትንሽ እየቀነሱለት ነው አሏት። ምሳ በልተሃል ወይ አለችው፤ ገና በሂደት ላይ ነኝ አላት።

ሽማግሌዎቹን ይዛ ወደ ዳሱ ገባች። የሙሽራዋ ወገን አስቀድሞ ተሰይሟል። የሙሽራዋ ወገን ማለት ሰማንያ አራቱ ልጆች ናቸው፤ በጽሕፈት ቤቱ ተሽከርካሪ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው፣ ጋቢ እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ እግራቸው መሬት ሳይደርስ ቀስ እያሉ ይሽከረከራሉ። መሐል የተቀመጠችው እንጉዳይ ናት። እንጉዳይ በእውን ስድስት ዓመቷ ነው። ትምህርቷ ገና በመስከረም ነው የሚጀምረው፤ እሷ ግን ከፋሲካ ጀምሮ በየቀኑ እየመጣች የምትቀመጥበትን ድንጋይ መርጣ፣ አጥባ፣ ማንም እንዳይነካባት ትጠብቀዋለች። ከፊት ጥርሶቿ ሁለቱ ወልቀዋል። በሕልሙ ግን የቤተሰቡ ትልቅ ሰው እሷ ነበረች።

እንጉዳይ መዝገቡን ገለጠችና ስም መጥራት ጀመረች። ቢሻው ስትል አቶ ቢሻው "አቤት" አሉ። ፋይናንስ ስትል፣ የፋይናንሱ ሰውዬ እዚያው ፊቷ ቆሞ "የለም፣ መስክ ወጥቷል" አለ። እሷም ቀሪ ብላ ጻፈችበት፤ ሰውየውም ትክክል ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ዘር ይቆጠር ተባለ። ሁለት ወገን ሲጋባ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና እንደሌለው መቆጠር አለበት፤ ይሄ በሕልምም ቢሆን አይቀርም። አቶ ቢሻው ጉሮሯቸውን ጠርገው የሙሽራውን ወገን ቆጠሩ። በጀት የዕቅድ ልጅ ነው፣ ዕቅድ የስብሰባ ልጅ ነው፣ ስብሰባ የሰርኩላር፣ ሰርኩላር የጥናት፣ ጥናት የአውደ ጥናት፣ አውደ ጥናት የውሎ አበል ልጅ ነው አሉና ሰባተኛው ላይ ቆሙ። በሙሽራይቱ በኩል እንጉዳይ ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። ትምህርት ቤታችን የዳስ ልጅ ናት፣ ዳስ የዶቅማ ዛፍ ጥላ ልጅ ነው፣ የዶቅማ ጥላ የፊደል አስቆጣሪው የቄስ ታምሬ ግቢ፣ የቄስ ታምሬ ግቢ የቀለም ቀንድ፣ የቀለም ቀንድ የጥላሸት፣ ጥላሸት የድስት ቂጥ ልጅ ነው አለች። ግራ ቀኙ ተመዛዘነ። የትም ቦታ ላይ አይገናኙም። በጀትና ትምህርት ቤት እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና የሌላቸው መሆኑ ተረጋገጠ፤ ሁሉም እሰየው፣ እንግዲህ መጋባት ይችላሉ ብሎ ተደሰተ።

ቆሎ ዞረ። እንጉዳይ ቆሎውን በድዷ እያላመጠች እኛም ማሻሻያ አለን አለች። ከእንግዲህ ወዲያ የጽሕፈት ቤቱ ሰው ሁሉ የሚቀመጥበትን ድንጋይ ከቤቱ ተሸክሞ ይመጣል። የፋይናንሱ ሰውዬ በየጠዋቱ አንድ ጄሪካን ውሃ ቀድቶ የቢሮውን ወለል አቧራ ያርሳል። አሠልጣኙ ደግሞ በስልሳ ሁለት ገጽ ያሉትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ይናገሩ፣ መሐል ላይ ከተነፈሱ እንደገና ይጀምራሉ ተባሉ። ሰውየው ላብ በላብ ሆኑ። ደረታቸውን ነፍተው አየር ሳቡና፦

"ልጆች ይማሩ" አሉ።

ነገሩ አለቀ። ትንፋሻቸው ግን ገና አላለቀም ነበር። በቀረው ትንፋሽ ምን እንደሚሉ ግራ ገባቸው፤ ዙሪያቸውን አዩ፣ ከዚያ ተቀምጠው ማልቀስ ጀመሩ። አንድ ልጅ ወንበሩን አሽከርክሮ ሄደና በጋቢው ጫፍ አፍንጫቸውን ጠረገላቸው።

ተራው የአቶ ቢሻው ሆነ። እንጉዳይ ከእግር እስከ ራስ አየቻቸውና እርስዎ ድሮ ልጅ ነበሩ ወይ ብላ ጠየቀች። ነበርኩ እንጂ አሉ። ማስረጃ አለ ወይ አለች። አቶ ቢሻው ኪሳቸውን ፈተሹ። ከኪሳቸው ደብዳቤ ወጣ፣ ማኅተም ወጣ፣ የመስክ ሪፖርት ወጣ፣ የሌላ ሰው የዓመት ፈቃድ ወጣ፤ ልጅ እንደነበሩ የሚያስረዳ ወረቀት ግን ጠፋ። ትርንጎ አዘነችላቸው፤ ስንት ጊዜ እሷ ራሷ እዚያው ፊታቸው ቆማ ኪሷን ስትፈትሽ ኖራለች። በመጨረሻ አቶ ቢሻው የሱሪያቸውን እግር ሰበሰቡና ቅልጥማቸውን አሳዩ። ረጅም ጠባሳ አለ። ትምህርት ቤት ስሄድ የእማማ ጥሩዬ ውሻ ነክሶኝ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ አሉ፤ ድምፃቸው ተቀየረ።

ሰማንያ አራቱም ከወንበር እየዘለሉ መጥተው ከበቧቸው። አንዱ ክርኑን አወጣ፣ አንዷ ተረከዟን አሳየች፣ አንዱ ሸሚዙን ገልቦ የበሬ ቀንድ የጫረውን አሳየ። ጠባሳ ከጠባሳ ተያየ። አቶ ቢሻው መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው እያንዳንዱን ይሄ በምንድን ነው እያሉ ጠየቁ። እንጉዳይ ተቀባይነት አለው አለችና ማኅተሙን ከእጃቸው ወስዳ ቅልጥማቸው ላይ መታችበት። ትርንጎ ይሄን ሰውዬ ወደድኩት እኮ ስትል ለራሷ ታወቃት።

ከዚያ ሁሉም ዞሮ ወደ ትርንጎ አየ። ለካ የሙሽራዋ እናት እሷ ናት። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ቆሙ፣ ከዘራቸውን ተከሉ። በጀት ከአጥሩ ብቅ ብሎ ኮቱን ቆለፈ።

ልቧ እሺ በይ ይላታል። ሦስት ዓመት ለምናለች፣ ሦስት ዓመት ጫማ ጨርሳለች፣ አሁን ቃል ማውጣት ብቻ ነው የቀራት። አስተዳደጓ ግን አፏን ያዛት። እሷን ራሷን ሊጠይቁ ሽማግሌ የመጡ ጊዜ አባቷ ሦስት ጊዜ ነው የመለሷቸው። ልጁን በአንድ ጉዞ የሰጠ ሰው ልጁ ከብዳው ኖሯል ይባላል። እንዴት ብላ፣ ሰማንያ አራት የቤተሰብ ሽማግሌ ፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆመን ሰው እሺ ትበለው። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ዓይኗን መሬት መሬት አየች፣ እናቷ እንደምትለው አድርጋ፦

"ዘመድ ይምከርበት። በሁለት ሳምንት ተመለሱ" አለች።

ሽማግሌዎቹ እጅ ነሱ። ወጉ ነውና አልተቀየሙም፤ እንዲያውም ጨዋ ቤት ነው ተባባሉ። ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ። በጀት ብቻ በሩ ላይ ቀረ።

"እኔ እኮ ሰኔ ሠላሳ ላይ ነው የማበቃው" አለ፣ በቀጭን ድምፅ።

ትርንጎ ምን እንዳደረገች ያን ጊዜ ገባት። ልትይዘው እጇን ዘረጋች። ዝናቡ ግን ከሥሩ ተነሳና እንደ ወረቀት ብድግ አደረገው። ቀስ እያለ ከዳሱ በላይ ወጣ፣ ከዶቅማው ጫፍ በላይ ወጣ። የጫማው ሶል ላይ "ተመላሽ" የሚል ማኅተም ነበረበት። ልጆቹ አንገታቸውን አቅንተው እስኪጠፋ አዩት። አላለቀሱም፤ ቢያለቅሱ ይሻላት ነበር። አንድ ልጅ ብቻ እጁን አውጥቶ ውጪ ልውጣ ብሎ ጠየቀ።

እንጉዳይ ጋቢዋን አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። ከዳሱ ጥግ ድንጋይዋን አነሳችና በሁለት እጇ ሆዷ ላይ ደግፋ መጣች።

"እትዬ፣ ድንጋዬን ወደ ቤት ልውሰደው?" አለቻት።

ትርንጎ ነጠላዋን ጥላ ሮጠች። በሕልም ሲሮጡ መቼም ታውቁታላችሁ፣ እግር ይታሰራል። ሽማግሌዎቹ ኮረብታውን እየዞሩ ነው። ወግ ገደል ይግባ አለች፣ አባቴም ይቅር ይበሉኝ አለች፣ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች፦

"እሺ ብለናል! አትሂዱ፣ እሺ ብለናል!"

ነቃች። ሰው ሁሉ ዞሮ ያያታል። ከዚያ አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ከኋላ ሌሎች ተከተሉ፣ ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ። መድረኩ ላይ አቶ ቢሻው፣ ያለ ጋቢ ያለ ከዘራ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ አይታው የማታውቀውን ፈገግታ ፈገግ ብለውላታል። ጸሐፊዋ ወይዘሪት ማስተዋል አቀርቅራ ትጽፋለች።

ትርንጎ አጠገቧ የተቀመጡትን መምህር ደምለውን ምንድን ነው የሚያስጨበጭበው አለቻቸው። መምህር ደምለው የሐሙስ ገበያ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ከጭጎ ወንዝ ማዶ፣ አስፋልቱ ዳር ያለው ማለት ነው። ደግ ሰው ናቸው፣ ዓይኗን ማየት አቃታቸው። በሹክሹክታ ነገሯት። የደረሰው ገንዘብ ለሁለቱ ትምህርት ቤቶች አንድ ክፍል ብቻ ነው የሚሠራው፤ ክፍሉ መኪና በሚደርስበት በሐሙስ ገበያ ይሠራ ተባለ። ዶቅማ ሜዳ አንደኛ ክፍሉን ዘግቶ ልጆቹን ወደዚያ ለመላክ ይስማማል ወይ ብለው አቶ ቢሻው ሦስት ጊዜ ጠየቁ። ሁለቱን ጊዜ አንቺ ዝም አልሽ፣ እኔም ልቀሰቅስሽ ስል ሦስተኛው ላይ መለስሽ አሏት።

ሕልም እልም ይባላል። ይሄኛው ግን በቃለ ጉባኤ ተይዟል። ትርንጎ ጭጎን ታውቀዋለች፤ በመስከረም ጎልማሳውን ከነበሬው የሚያንገዳግድ ወንዝ ነው። ተነስታ ቆመች።

"ተኝቼ ነበር" አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ቢሻውም ሳቁ። ቃለ ጉባኤ የተኛና የነቃ ብሎ አይለይም፣ ቢለይማ ኖሮ ዛሬ ግማሾቻችሁ ቀሪ ናችሁ አሉ፤ ሳቁ ባሰ። ትርንጎ እስኪያበቁ ጠበቀች። ሕልሟ ውስጥ ያፈረችው ሁሉ አሁን ከላይዋ ላይ ወርዷል፤ የቀረባት ንዴትና የሰማንያ አራት ልጅ ስም ብቻ ነው።

"እንግዲያው አንድ ነገር ይጨመርልኝ፣ አቶ ቢሻው። ከመስከረም ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እርስዎ ጭጎ ዳር ይቆሙልኛል። ሰማንያ አራቱን አንድ በአንድ አዝለው ያሻግሩልኛል፣ ከሰዓት በኋላም ይመልሱልኛል። ይህም ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር።"

የሚስቁ ነበሩ፣ ጥቂት። እነሱም ቶሎ ተዉት። አቶ ቢሻው መነጽራቸውን አወለቁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ውሃው የት ድረስ ነው?" አሉ።

"እርስዎን ከወገብ" አለች ትርንጎ። "እንጉዳይን ከራሷ በላይ።"

እንጉዳይ ማን እንደሆነች የጠየቀ አልነበረም። ወይዘሪት ማስተዋል ማንንም ሳታስፈቅድ ብዕሯን አነሳችና ዶቅማ ሜዳ ተስማምቷል ብላ የጻፈችውን መስመር ሰረዘችው።